ምጣዱን እቤት ተዉት

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መጠጠር ሲጀምር ባሕር ዳር ሰው ሁሉ መንገድ መንገድ ይለዋል። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎችም ወደ አንድ ጉዳይ አጋድለዋል፤ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ፣ አልጋና ምድጃ ገጥሞለት፣ ከአስፋልት ወጣ ብሎ ማደር። ደግ ሐሳብ ነው። እኔ የኖርኩት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነውና ስለ መጋረጃ ቀለም የጠየቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ትቼ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ሦስት ልጆች አሉን። ያጠራቀምነው ላይ ተበድረን ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዛን። አናጢው በግራና በቀኝ ቁም ሳጥን፣ መሃል ላይ ተጣጣፊ አልጋ፣ ጣራው ላይ ደግሞ ለዕቃ የሚሆን ፖርቶመጋላ ልሥራላችሁ ይላል፤ የውስጡን ሁሉ በችፑድና በፎርማይካ። ንድፉን አይተነው አምሮናል። ሳናስጀምር እርስዎን እንጠይቅ ብለን ነው፤ ከየት እንጀምር?
(ሁለት መምህራን፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከምድር ሚዛን ጀምሩ። የእህል ነጋዴዎች የጭነት መኪና የሚያስመዝኑበት ቦታ ሄዳችሁ መኪናችሁን ውስጧን ባዶ፣ ነዳጇን ሙሉ አድርጋችሁ አስመዝኑ። ከዚያ ከነጭነቷ እስከ ስንት ኪሎ እንደተፈቀደላት ከሰነዷ ላይ ተመልከቱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእናንተ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ብድር ነው፤ የሚከፈለውም በፍሬንና በጎማ ነው።

አሁን አብረን እንደምር። አምስት ሰው ከነልብሱ ሲሳፈር ወደ 300 ኪሎ ሄደ። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ችፑድ ከ35 ኪሎ አያንስም፤ አናጢያችሁ በነደፈው ዓይነት ቁም ሳጥንና አልጋ ውስጥ አምስት ስድስቱ ይገባሉ። ይኸው አንድ ድስት ሳይጫን 200 ኪሎ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ችፑድ ደግሞ ክብደቱ ብቻ አይደለም ጥፋቱ። የተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጋገረ ስለሆነ ቪቴው የሚነክሰው ፍርፋሪ ነው። እቤት ውስጥ ቆሞ ለሚኖር ቁም ሳጥን ይበቃል። ኮረኮንች ላይ ግን መንቀጥቀጡ ቀዳዳውን እያሰፋው ይሄድና አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ የቁም ሳጥኑ በር ተገንጥሎ ከልጆቹ ጭን ላይ ይቀመጣል። የሐይቁ ዳር እርጥበት ሲገባበትማ እንደ ረጠበ ድርቆሽ ያብጣል። ኮምፐርሳቶ (ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀው) ይሁን በሉት፤ 12 ሚሊ ሜትሩ በቂ ነው፤ ክብደቱም የችፑዱን ግማሽ ቢሆን ነው። ፎርማይካውን ተዉት፤ ቫርኒሽ ይበቃዋል። በር ያለው ቁም ሳጥን ከምታሠሩ አልጋውን ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ የሚሳቡ ሣጥኖች አድርጉ። ከባድ ነገር ሁሉ ታች፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ይሁን፤ የውኃው ጄሪካንም እዚያው።

ወለሉ ላይ የሚታሰረው ነገር በቪቴ አይታሰር። ወለሉን አልፎ በሚወጣ ቡሎን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ገብቶበት ይጥበቅ። አናጢው መሰርሰሪያውን ከማንሳቱ በፊት ግን አንዳችሁ ከመኪናዋ ሥር ገብታችሁ እዩ፤ የነዳጅ ታንከሩም የፍሬን ቱቦውም እዚያ ነው የሚያልፉት። የተበሳው ቀዳዳ ጠርዙ አንቲሩስት ካልተቀባ በሁለተኛው ክረምት ዝገቱ ሰፍቶ ታገኙታላችሁ።

ልጆቹን በተመለከተ አልደራደርም። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ አልጋ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይኑር። ለአምስታችሁም ፋብሪካው በሠራው ቦታ የታሰረ፣ ቀበቶ ያለው ወንበር አስቀሩ፤ የተረፈው ቦታ ነው የአልጋ። ወንበር ስትነቅሉ ደግሞ ሊብሬው ላይ ከተመዘገበው ጋር እንዳይጋጭባችሁ ቦሎ ከመታደሱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሥራው ካለቀ በኋላ መጠየቅ ዋጋው ሌላ ነው።

ፖርቶመጋላውን ከወደዳችሁት ይሠራ፤ የሚጫንበት ግን ፍራሽና ድንኳን ብቻ ነው። ውኃ፣ ነዳጅና ትርፍ ጎማ ጣራ ላይ የጫነ ረጅም ሚኒባስ መንገዱ ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር ሾፌሩን ያስጸልየዋል። «ባሌስትራ እንጨምርበት» የሚላችሁም አይጠፋም። ባሌስትራ መጨመር የመጫን አቅም አይጨምርም፤ መኪናዋን ያደርቃታል፣ ስብራቱንም ከባሌስትራው ወደ ሻንሲው ያዛውረዋል። ያን ገንዘብ ለአሞርዛተር፣ ለፍሬን ሸራና ለኩሽኔታ አውሉት። አናጢው ከመካኒኩ በኋላ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? በጉብኝት ሥራ ላይ ነኝ። ሚኒባሴ ውስጥ በ12 ቮልት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ገጥሜያለሁ። ሌሊት ራሱን ያጠፋል፤ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ አልነሳ ይላል። ባትሪው አዲስ ነው። ጓደኞቼ 2000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) እና ሶላር ግዛና ተገላገል ይሉኛል። እናቴ በበኩሏ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዛ መውጣት ትችል እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።
(ከወረታ)

መልስ፦ ከእናትህ ልጀምር፤ ክብር ይገባቸዋል። ምጣድ እንደ ዓይነቱ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል። 3000ን ለ12 ስታካፍለው 250 አምፔር ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። አንተ የገዛኸው ዓይነት ባትሪ ምጣዱ ሳይሰማ እጁን ይሰጣል። እናትህን እጅ ነስተህ ምጣዱን እቤት ተዉት በላቸው። እንጀራ ጋግሮ ይዞ መውጣት ነው፤ ድርቆሽ ደግሞ ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ ነው።

አሁን ወዳንተ። ያለህ ሁለት በሽታ ነው፤ ሁለቱንም ኢንቨርተር አያድናቸውም።

የመጀመሪያው፣ ሞተር የሚያስነሳውና ማቀዝቀዣ የሚያሠራው አንድ ባትሪ መሆኑ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል አዙሮ ወዲያው ከዲናሞው መልሶ እንዲሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ማለቅ ይገድለዋል፤ አዲስ መሆኑ አያድነውም። ስለዚህ ለቤቱ ክፍል ለብቻው በጥልቀት ተጠቅመውበት የሚሞላ ባትሪ ያስፈልግሃል። በሁለቱ መካከል ሞተር ሲነሳ የሚያገናኝ፣ ሞተር ሲጠፋ የሚለይ ሪሌይ ይገባል። ይህ ብቻ የጠዋቱን ችግር ይፈታልሃል።

ሁለተኛው ስውር ነው፤ ብዙ ሰው ባትሪ እየለወጠ የሚከስረውም በእሱ ነው። ማቀዝቀዣህ በጠፋ ሰዓት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዘህ ተነስ። በመጀመሪያ ባትሪው ጫፍ ላይ ለካ፤ ከዚያ የማቀዝቀዣው መሰኪያ ላይ፣ ማቀዝቀዣው ለመነሳት ሲሞክር ለካ። ባትሪው ላይ 12.2፣ መሰኪያው ላይ 11.5 ካነበብክ የጎደለው በሽቦው ላይ ቀርቷል። ማቀዝቀዣው ባትሪ እንዳይጎዳ ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነውና ባትሪው ግማሽ እያለው «አለቀ» ብሎ ይተኛል። ከፊት ኮፈን እስከ ኋላ በር ሽቦው መሄጃውና መመለሻው ሲደመር ከ10 ሜትር ላያንስ ይችላል። በዚያ ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 5 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ያህል ይውጣል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ግን 0.15 ያህል ብቻ። ወጪው የአንድ ምሳ ግብዣ ቢሆን ነው።

ሽቦውን ስትገዛ የቤት ሽቦ እንዳይሸጡልህ። የቤት ሽቦ አንድ ወፍራም መዳብ ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ላስቲኩ ሳይነካ ከውስጥ ይሰበራል፤ ብልሽቱን ስትፈልግ ትውላለህ። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን የመኪና ሽቦ ግዛ። ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አጠገብ፣ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ማቀዝቀዣውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። እዚህ ላይ እጄ ያየውን ልንገርህ፦ አንድ ሚኒባስ መጥቶ የኋላ ወንበሩን ሳነሳ ፊውዙ ተቃጥሎ በቦታው የተጠመዘዘ የመዳብ ክር ገብቶበት አገኘሁ። ከሥሩ ያለው የሽቦው ላስቲክ እንደ ማር ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ባለቤቱ «ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ያስቸግራል» አለኝ። ፊውዙ እኮ እየነገረው ነበር።

ስለ ሶላር፣ ሂሳቡን ከሥራው ጀምር። 45 ዋት የሚበላ ማቀዝቀዣ ከቀኑ ሁለት አምስተኛውን ያህል ቢሠራ በ24 ሰዓት 430 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ 36 አምፔር ሰዓት። ኤልኢዲ መብራትና የእንግዶችህን ስልክ ጨምርበት፤ 45 ይደርሳል። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በታች ስለማይወረድ በአንድ ቀንና ሌሊት ያበቃል። በሙከራ አትድከም፤ 100 ዋት ሶላር በበጋ ቀን 30 አምፔር ሰዓት ያህል ይመልስልሃል፣ ስለዚህ 200 ዋት ግጠም። በክረምት ደመና ግማሹንም ላታገኝ ትችላለህ፤ በዚያ ወቅት የምትተማመነው በዲናሞው ነው። እኛ ያለነው በ11 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ከአናታችን እምብዛም አትርቅም፤ ጣራው ላይ በጠፍጣፋው መግጠም ይበቃል። ያጋደለ ማሰሪያ ልሥራልህ የሚልህ ብረት ሊሸጥልህ ነው። ይልቅ ሶላሩ ላይ ጥላ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ፤ የፖርቶመጋላው አንድ ዘንግ ጥላው ቢወድቅበት እንኳ ከሚገመተው በላይ ኃይሉን ይቀንሰዋል። አቧራውን በየጠዋቱ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው።

ኢንቨርተሩ ለላፕቶፕና ለካሜራ ከሆነ 300 ዋት ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ወንድም ዓለም፣ እኛ አራት እህትማማቾች ነን። ለንግሥ ስንወጣ በወንድማችን ሚኒባስ ውስጥ እናድራለን። ዝናብ ሲሆን ወይም ሲበርድ በሩን ገርበብ አድርገን ውስጥ በከሰል ምድጃ ቡና ብናፈላ ችግር አለው? አንዳንዴ ራስ ምታት ይለናል፤ እኛ ግን የመንገዱ ድካም ነው ብለን ተውነው።
(ከአዴት)

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ድካም አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታቱ ምልክቱ ነው። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፤ ከእንቅልፉ የማይነቃም አለ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው «አሁንስ ጨሰ አይባልም፣ ይግባ» ብሎ ለሙቀት ያስገባዋል፤ አደገኛው ሰዓት ግን ያ ነው። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ለሙቀትም ቢሆን፣ ለቡናም ቢሆን፣ ለዕጣንም ቢሆን ፍም መኪና ውስጥ አይግባ። በቃ።

ቡናው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ቡና የሌለበት ንግሥ ምኑ ንግሥ ነው? ከኋላ በሩ ጠርዝ ጀምሮ በሁለት ዘንግ የሚወጠር ሸራ አሠሩና ረከቦቱንም ምድጃውንም ከሸራው ሥር፣ ከመኪናው ውጪ አድርጉ። ውስጥ ማብሰል ግድ ከሆነ ቡታጋዝ፣ ያውም መስኮቱ በሁለት ወገን ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ እያለ ብቻ። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ለብቻው በተሠራ ሣጥን ውስጥ ቆሞ ይታሰር፤ ሣጥኑም ከሥሩ ወደ ውጪ የሚተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው። ቱቦውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ከአጠገቡ ሽሹ።

የተኛችሁ ጊዜም ሁለት መስኮት ጣት የሚያስገባ ያህል ይከፈት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ የእናንተው ትንፋሽ ነው፤ መውጫ ካላገኘ ብርድ ልብሱን ያረጥባል፣ ላሜራውን ያዝጋል።

ጥያቄ፦ ጥርሱ የጠለቀ የጭቃ ጎማ ልገጥም ነው። ፎገራ ውስጥ ለውስጥ ሩዝ ወደሚያመርቱ ዘመዶቼ በክረምትም እንድገባ የትኛው ጎማ ይሻለኛል? መኪናዬ የኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት ሚኒባስ ነው።
(ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ የትኛውም አያስገባህም። የፎገራ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ከርብና ከጉማራ የሚወጣው ውኃ ሲተኛበት ያብጥና እንደ ሙጫ ይሆናል። የጎማው ጥርስ ምንም ቢጠልቅ በአንድ ዙር ሞልቶ ልሙጥ ይሆናል። ያንተ መኪና ለዚያ አልተሠራችም፤ አስፋልቱ ዳር አቁመህ በእግር ግባ፤ ዘመዶችህ በቅሎ አያጡም። በጋ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ያው መሬት ተሰንጥቆ የጋሪ ዱካው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ያኔ የሚያስፈልግህ ጥርስ ሳይሆን ጎኑ ጠንካራ የሆነ የጭነት ጎማ ነው።

ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብብ፤ 3521 ካለ በ2021 በፈረንጆች 35ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ብዙ አለ። ኮረኮንች ላይ ነፋሱን በሩብ ያህል ቀንሰህ ፍጥነትህን አብረህ ቀንስ፤ መንቀጥቀጡም የድንጋይ መውጋቱም ይቀልልሃል። አስፋልት ላይ ስትመለስ ግን የቀነስከውን ሳትሞላ አትፍጠን፣ ጎማው ይግላል። በባትሪ የሚሠራ መንፊያ፣ አካፋ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላና የመጎተቻ ገመድ ከመኪናህ አይጥፉ። ጎሚስታ በሌለበት አገር ጎሚስታው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ማደር እንፈልጋለን፤ ከሐይቁ ውኃ እየቀዳን ብናበስልና ብንታጠብስ? ስለ ትንኙ ምን ይመክሩናል?
(ከአዲስ አበባ፣ ለጥምቀት የሚመጡ ወዳጆች)

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ውኃውን በተመለከተ፣ ዳር ዳሩን ጥልቀት በሌለበት ቦታ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ በቆመ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ጄሪካን ይዛችሁ ወደ ሐይቁ አትግቡ። ከከተማ የቧንቧ ውኃ ሞልታችሁ ውጡ። ለመታጠቢያ የግድ የሐይቅ ውኃ ካስፈለገ ከጀልባ ላይ ቀድታችሁ፣ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን አሳድሩት። የሚጠጣው ይፈላ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሲንተከተክ ይበቃል። ወደ ጉና ተራራ ስትወጡ ግን ሦስት ደቂቃ አድርጉት፤ ባቄላና ምስር ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ የግፊት ድስት ካልያዛችሁ እራት ለቁርስ ይደርሳል።

ለወባ ትንኝ ቅባት ብቻ አትመኑ። የመስኮቱን ልክ የሚይዝ የትንኝ መረብ በጠርዙ ማግኔት አሰፉበት፤ ላሜራው ላይ ለጥ ብሎ ይይዛል። የጎን በሩን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉት፤ መብራት ሳታበሩ በፊት። ጥር ላይ ትንኙ እንደ ጥቅምትና ኅዳር አይበረታም፤ ቢሆንም ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ብርድ ነው» ሳትሉ ተመርመሩ፣ ጣና ዳር ማደራችሁንም ለሐኪሙ ንገሩ።

ማቆሚያ ስትመርጡ መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው አስፈቅዱ፤ ደብር አጠገብ ከሆነ አለቃውን። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ከሐይቁ ወደ ሜዳው የሚወጣ የተጨፈለቀ ሰፊ ዱካ ካያችሁ መንገዱ የእሱ ነው፤ ከዚያ ራቁ፣ ሌሊትም ለሽንት ስትወጡ ባትሪ አብርታችሁ ዙሪያውን እዩ። የታጠባችሁበትን የሳሙና ውኃ ከሐይቁ ርቃችሁ መሬት ላይ ድፉት።

ከቀሩት ደብዳቤዎች በአጭሩ፦

ለዳንግላው፣ ነዳጅ በጄሪካን ውስጥ መኪናው ሆድ ውስጥ ይዘህ አትደር፤ ሰልፉ ቢያስመርርም። ለእንጅባራዋ፣ ግድግዳው ውስጥ የአልጋ ስፖንጅ እንዳያስገቡ፤ ውኃ ይይዝና ላሜራውን ይበላዋል፤ ውኃ የማይመጠውን ፎም በማስቲሽ ያስለጥፉ። «ባለ አራት ጎማ ጎታች ካልገዛሁ አይሆንም ወይ?» ላልከኝ፣ ይሆናል፤ አካፋ ግዛ።

መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ይህን ከመጽሔት አትጠብቁ፤ መጽሔቱ እስኪታተም ነገሩ ይለወጣል። በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለሱትን የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮች በመነሻችሁ ዋዜማ መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ጠዋትም ድገሙ። ዛሬ አንሄድም ካሉ እናንተም አትሂዱ። ከጨለመ በኋላ አትንዱ።